ከጎፈሬው በታች ያለው ድምፅ

"ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል" ይባላል። ለምግብ ይሠራ ይሆናል፤ ለሙዚቃ ግን አይሠራም። ማስረጃ የሚፈልግ ሰው ሲንደሬላ የተባለውን የአሜሪካ ሮክ ባንድ ይስማ። ይስማ እንጂ አይይ!

ሲንደሬላን በፎቶ ያየ ሰው ፍርዱን የሚሰጠው ዘፈኑን ሳይሰማ ነው። አራት ጎረምሶች፣ እንደ ጎፈሬ የተነፋ ረጅም ጸጉር፣ ከገላ ጋር የተጣበቀ ሱሪ፣ የተኳለ ዓይን። ስማቸውም የልጆች ተረት ስም ነው። "እነዚህ ደግሞ ምን ሊዘፍኑ ነው?" የሚል ቢመጣ አይፈረድበትም።

ዘመኑም አላገዛቸውም። ኤምቲቪ በ1981 (እ.ኤ.አ.) ሥራ ከጀመረ ወዲህ ዘፈን የሚሰማ ብቻ ሳይሆን የሚታይም ነገር ሆነ። ከጊታሩ እኩል ጸጉሩም መሥራት ነበረበት። በዚያ ገበያ ላይ ግላም ሜታል የሚባለው ስልት ነገሠ። በኋላ ደግሞ ሰዎች "ሄር ሜታል"፣ ማለትም "የጸጉር ሜታል" እያሉ ያፌዙበት ጀመር። ይህ ቅጽል ሲወጣ ደህናውም ደካማውም አንድ ከረጢት ውስጥ ገባ። ከረጢቱም ታስሮ ተጣለ።

ልብ በሉ፤ ሲንደሬላን ገበያ ነስቷቸው አያውቅም። የነሳቸው ክብር ነው። ባንዱን ቶም ኪፈርና ኤሪክ ብሪቲንግሃም የመሠረቱት በ1982 በፊላደልፊያ አካባቢ ነው። በከተማዋ ክለቦች ሲጫወቱ ያያቸው ጆን ቦን ጆቪ ለራሱ የሙዚቃ ኩባንያ ሰው ነገረላቸው፤ በሩም ተከፈተ። በ1986 የወጣው "ናይት ሶንግስ" የተባለው የመጀመሪያ አልበማቸው በአሜሪካ የአልበሞች ሰንጠረዥ 3ኛ ደረጃ ደረሰ። በአሜሪካ ብቻ ከ3 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ።

እዚህ ላይ የባንዱ ወዳጅ ሐቁን መካድ የለበትም። የመጀመሪያው አልበም ከኤሲ/ዲሲ ብዙ ተበድሯል፤ አንዳንዱ ግጥምም ቀለል ይላል። ስሙንና አለባበሱንም ማንም አልጫነባቸውም፤ መርጠው የለበሱት ነው። ሰው በልብሱ ሲፈረድበት ልብሱን የመረጠው ራሱ ከሆነ ወቀሳውን ሁሉ በፈራጁ ላይ መከመር አይቻልም።

ጥያቄው ግን ከዚያ በኋላ ስለመጣው ነው። በ1988 "ሎንግ ኮልድ ዊንተር" ወጣ። የመጀመሪያው ዘፈን የሚከፈተው ብረት ወይም መስታወት በክሩ ላይ እያንሸራተቱ በሚጫወቱት የጊታር ስልት ነው። ይህ ከሚሲሲፒ የጥጥ እርሻዎች፣ ከጥቁር አሜሪካውያን የብሉዝ ተጫዋቾች የተወረሰ ድምፅ ነው። የአልበሙ ርዕስ የሆነው ዘፈንም ቀስ ብሎ የሚያዘግም፣ ጊታሩ የሚያለቅስበት የለየለት ብሉዝ ነው። በዚያ ዓመት የዘመኑ ባንዶች ስለ ጭፈራና ስለ ቆነጃጅት ለመዝፈን ሲሽቀዳደሙ፣ ሲንደሬላ ወደ ኋላ፣ ወደ ምንጩ ተመለሱ። በ1990 በ"ሃርትብሬክ ስቴሽን" ይበልጥ ገፉበት። የዚህ አልበም ርዕስ የሆነውን ዘፈን የቫዮሊን ቅንብር የሠራው የሌድ ዘፕሊኑ ጆን ፖል ጆንስ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ጸጉር አይቶ አይመጣም።

ታዲያ ለምን አልተከበሩም? በ1991 መገባደጃ የኒርቫና "ኔቨርማይንድ" ወጣ፤ በ1992 መጀመሪያም የሰንጠረዡን አናት ያዘ። የአድማጩ ጣዕም በወራት ውስጥ ተገለበጠ። የተቀደደ ሹራብ የእውነተኛነት ምልክት፣ የተነፋ ጸጉር ደግሞ የአስመሳይነት ምልክት ሆነ። በ1993 ከርት ኮቤይን በኤምቲቪ መድረክ ላይ ከሊድ ቤሊ የወረሰውን አንድ የቆየ ዘፈን ሲጫወት ዓለም አጨበጨበለት። ጭብጨባውም ይገባዋል። ነገር ግን ከዚያ 5 ዓመት ቀደም ብሎ አንድ የተኳለ ጎረምሳ ከዚያው ምንጭ ሲቀዳ "ከልቡ ነው" ያለው ስንቱ ነበር? አንዱ ሹራብ ስለለበሰ ታመነ፤ ሌላው ጸጉሩን ስለነፋ ተጠረጠረ። ሁለቱም ግን የተመዘኑት በልብስ ነው።

ከሁሉ የከበደው ደግሞ ከገበያውም ከተቺውም የመጣ አልነበረም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የቶም ኪፈር ድምፅ ከዳው። የግራው የድምፅ አውታሩ በከፊል ሽባ መሆኑን ሐኪሞች ነገሩት። ዳግም ላይዘፍን እንደሚችልም ሰማ። ዘፈኖቹን የሚጽፈው እሱ፣ የሚዘፍናቸውም እሱ ነበር፤ የባንዱ መለያም ያ እንደ አሸዋ የሚፈገፍገው ድምፁ ነው። በ1988 በአሜሪካ የነጠላ ዘፈኖች ሰንጠረዥ 12ኛ የደረሰው ትልቁ ዘፈናቸው ርዕሱ፣ ሰው ያለውን ነገር ዋጋ የሚያውቀው ሲያጣው ነው የሚል ነው። ሕይወት ዘፋኙን በራሱ ርዕስ ፈተነችው።

ቀዶ ሕክምናው አንድ ጊዜ ብቻ አልነበረም፤ ደጋግሞ ተኛ። ከሐኪም ወደ ድምፅ አሠልጣኝ እየተመላለሰ አፉን እንደሚፈታ ሕፃን መዝፈንን እንደገና ተማረ። አራተኛው አልበም "ስቲል ክላይምቢንግ" በ1994 ሲወጣ ዘመኑ አልፎ ነበር፤ የሚያዳምጠው ጠፋ፤ ኩባንያውም አሰናበታቸው። ኪፈር ግን ልምምዱን አልተወም። ባንዱ በየጊዜው እየተሰባሰበ መድረክ ላይ ወጣ፤ እሱም በ2013 የመጀመሪያውን የብቻ አልበሙን አወጣ። "አስመሳይ" የተባለ ሰው ታዳሚም ገንዘብም ከሸሸው በኋላ ለዓመታት ጉሮሮውን ሲያሠለጥን ኖረ። ለማስመሰል ይህን ያህል የሚደክም ማን ነው?

በ2021 የባንዱ ጊታሪስት ጄፍ ላባር በ58 ዓመቱ አረፈ። አራቱ አንድ ላይ የሚቆሙበት መድረክ ከዚያ ወዲህ የለም። በሞቱ ሰሞን ሙገሳው በየገጹ ፈሰሰ። ሞት የማያስመሰግነው ሰው የለም፤ የሚያሳዝነው ግን ያ ምስጋና በ1988 ቢሰጥ ለጆሮው ይደርስ እንደነበር ነው።

የሲንደሬላ ወዳጅ ከዓለም የሚጠይቀው ብዙ አይደለም። ከሌድ ዘፕሊን እኩል አስቀምጡልኝ አይልም። ሽልማትም አይለምንም። ከረጢቱ ተፈትቶ አንድ በአንድ እንዲታይ ብቻ ይፈልጋል። በጅምላ መፍረድ ፈራጁን ከድካም ያሳርፈዋል፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ከረጢቱ ውስጥ ያለው ነው። ይህ ደግሞ በሙዚቃ ብቻ የሚሆን ነገር አይደለም።

ፈተናው ቀላል ነው። "ሎንግ ኮልድ ዊንተር"ን ከፍቶ፣ የስልኩን መስታወት ወደ ጠረጴዛው ገልብጦ፣ የመጀመሪያውን ዘፈን እስከ መጨረሻው መስማት። ከዚያ በኋላም የማይወድ አይውደድ። ቢያንስ ሰምቶ ነው።