አራት መቶኛው አንቀጽ

ሰሞኑን ሁሉም ስለ ጦርነት፣ ስለ ዶላርና ስለ ኑሮ ውድነት ይጽፋል። እኔም ስጽፍ ከርሜያለሁ። ዛሬ ግን አልጋዬ ስር ስላለ አንድ ካርቶን ልጻፍ። ታገሱኝ፤ ዞሮ ዞሮ እዚያው ነው የሚያደርሰን።

ነገሩ የጀመረው በ1996 ዓ.ም. መካነ ሰላም ውስጥ፣ ዘጠነኛ ክፍል እያለሁ ነው። የትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ግማሽ መደርደሪያ በእርዳታ በመጡ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት የተሞላ ነበር። ስለ ጽጌረዳ አተካከል፣ ስለ ጀልባ ጥገና (ያውም ደጋ ላይ!)፣ ጊዜው ስላለፈበት የባቡር መነሻ ሰዓት። ብዙዎቹ የመጀመሪያ ገጻቸው ላይ ከአንድ የእንግሊዝ አገር ቤተ መጻሕፍት መወገዳቸውን የሚናገር ማኅተም አለባቸው። ከመሃላቸው ሽፋኗ ላይ ጠንቋይ የተሳለባት አንዲት ቀጭን መጽሐፍ አገኘሁ።

እንደ ማንኛውም ልብ ወለድ ከመጀመሪያው ጀምሬ ማንበብ ያዝኩ። ሰውዬው ዋሻ ይገባል። በሚቀጥለው አንቀጽ ስሙ ተነስቶ ከማያውቅ አውሬ ጋር ይታገላል። በሚቀጥለው ሞቷል። ከዚያ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ቁጭ ብሎ ስንቁን ይበላል። ጠራዡ ገጾቹን አዘበራርቆ የጠረዛት መሰለኝና ለቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ወስጄ አሳየኋቸው። ገለጥ ገለጥ አደረጓትና «ተወው ልጄ፣ ጠጥተው የጻፉት ነው» ብለው መለሱልኝ።

እንቆቅልሹን የፈታው አብሮኝ የሚቀመጠው ልጅ ነው። በእንግሊዝኛ ከክፍላችን አንደኛ ነበር። የእያንዳንዱን አንቀጽ መጨረሻ አየና «ወደ ግራ ከሄድክ ይህን ቁጥር አንብብ፣ ወደ ቀኝ ከሄድክ ያንን ቁጥር አንብብ ነው የሚለው» አለኝ። ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና «ሰውየውኮ አንተ ነህ» አለ።

መጽሐፏ እ.ኤ.አ. በ1982 ስቲቭ ጃክሰንና ኢያን ሊቪንግስተን የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ያሳተሟት «ዘ ዋርሎክ ኦፍ ፋየርቶፕ ማውንቴን» መሆኗን ያወቅኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። 400 ቁጥር የተሰጣቸው አንቀጾች አሏት። አንባቢው እርሳስና ሁለት ዳይስ ይዞ ችሎታውን፣ ጉልበቱንና ዕድሉን በነጥብ እየመዘገበ ከአንዱ ቁጥር ወደ ሌላው ይዘላል። አውሬ ሲያጋጥመው ዳይሱን ይጥላል። ነጥቡ ካለቀ ሞተ፤ እንደገና ከአንድ ይጀምራል።

ዳይስ አልነበረንም። ከአንድ እስከ ስድስት የተጻፈባቸውን ብጣሽ ወረቀቶች የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ውስጥ ከተን፣ እየበጠበጥን እናወጣ ነበር። በእረፍት ሰዓት አራት ሆነን ከመማሪያ ክፍሉ ጀርባ ባሕር ዛፍ ስር እንቀመጣለን። እኔና ጓደኛዬ እንተረጉማለን፣ ሁለቱ ይወስናሉ። ግራ ወይስ ቀኝ? በሩን እንክፈት ወይስ እንለፍ? በዚያ ዓመት የተማርኩት እንግሊዝኛ አብዛኛው ከዚያው ነው። እስከ ዛሬ ድረስ የሰንሰለትና የወህኒ ቤት ቃላት ላይ ጎበዝ ነኝ።

ደግሞም ጨዋታው ለእኛ እንግዳ አልነበረም። ማታ ማታ እሳት ዳር እንቆቅልሽ ስንጫወት፣ መልሱ የጠፋበት «አገር ስጠኝ» ይባል የለም? ጎንደርን ወይም ደሴን ይሰጣል። አገር የተሰጠው ልጅ በሐሳቡ ይሄድና ምን እንደተጋበዘ፣ ማን እንደተቀበለው፣ ተሸናፊው ደግሞ በሩ ላይ እንዴት እንደተራበ እየፈጠረ ያወራል። ያልሄዱበት አገር በቃል ይኬድ ነበር። እንግሊዞቹ የጨመሩበት ቁጥርና ዳይስ ነው።

ችግሩ፣ የእኛ መጽሐፍ የመጨረሻ ቅጠሎች ተገንጥለው ጠፍተዋል። አራት መቶኛው አንቀጽ የለም። ከስንት ሞት በኋላ ጠንቋዩን ድል አድርገን፣ የሀብቱ ሳጥን ፊት ቆመን፣ ቁልፉ ገጥሞልን፣ ክፈቱ ሲለን ገጹ የለም። አንድ ሳምንት ተከራከርን። በመጨረሻ ጓደኛዬ ፈረደ፦ «ተራራው መቅደላ ነው። ሳጥኑን ከፈትነው። ባዶ ነው። እንግሊዞች ቀድመውናል።»

እስክንወድቅ ሳቅን። ታሪክ ክፍለ ጊዜ የተማርነው ትኩስ ነበር። አፄ ቴዎድሮስ ለመቅደላ መድኃኔዓለም ብለው ከየአድባራቱ መጻሕፍት አሰባስበው ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አምባው ሲሰበር የናፒየር ጦር ዘረፋውን በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ ጫነ፤ ከብራናዎቹ 350 ያህሉ ለብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ፤ ዛሬ ያሉት በብሪቲሽ ላይብረሪ ነው። ከእኛው ደቡብ ወሎ ደጋ ብራና ሄደ፤ ወደ እኛው ደጋ ደግሞ የተወገደ የሚል ማኅተም የተመታበት የጽጌረዳ መጽሐፍ መጣ። ለጋሾቹን ላማ አይደለም። ያቺን ቀጭን መጽሐፍም እነሱ ናቸው ያደረሱልኝ። ልውውጡን ግን እስቲ አስቡት።

አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላ አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ሳይ ማለፍ አቃተኝ። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ፣ ለገሃር፣ አራት ኪሎ፣ ከመፍረሷ በፊት ፒያሳ። በኪሎ ለቆሎና ለለውዝ መጠቅለያ ከሚሸጠው ክምር ስር እጄን እሰዳለሁ። ከአገር የሚወጡ ፈረንጆች ዕቃቸውን ሲሸጡ እንደነዚህ ዓይነት መጻሕፍት አልፎ አልፎ ብቅ ይላሉ። አንድ ቀን ለገሃር አንድ ደንበኛዬ የሆኑ ሽማግሌ ጠሩኝና «ና፣ ያንተ የሰይጣን መጽሐፍ መጥቷል» አሉኝ። እ.ኤ.አ. የ1978ቱ የ«ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የተጫዋቾች መመሪያ ነበር፤ ሽፋኑ ላይ ሌቦች የአንድ ትልቅ ጣዖት ዓይን ሆኖ የተተከለውን ዕንቁ ሲነቅሉ ይታያል።

«ስንት ነው ጋሼ?»

«እኔ እንዲህ ያለ ነገር ቤቴ እንዲያድር አልፈልግም፤ የሰጠኸኝን ስጠኝ።»

በነገራችን ላይ ጋሼ ብቻቸውን አይደሉም። አሜሪካም ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ወላጆችና ሰባኪዎች ይህንኑ ጨዋታ የሰይጣን አምልኮ ነው ብለው ዘምተውበት ነበር። እናቴ ደግሞ ሽፋኑን አይታ ጠበል ረጨችበት። እድፉ አሁንም አለ።

የዚህ ዓይነት መጻሕፍት ሁሉ አባት የሆነው እሱ ነው። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርንሰን እ.ኤ.አ. በ1974 ሲያሳትሙት አንድ ሺህ ቅጂ ብቻ፣ ሦስት ትንንሽ ጥራዝ በሳጥን አድርገው ነው ያወጡት። ያ ሳጥን ዛሬ ለሰብሳቢዎች በሺዎች ዶላር ይሸጣል፤ በላስቲክ ታሽጎ ይቀመጣል፤ ማንም አይከፍተውም። ይህ አይገባኝም። የደንብ መጽሐፍ ካልተጫወቱበት የባቡር መነሻ ሰዓት ማለት ነው። የእኔዎቹ ጥርሳቸው የወለቀ፣ ዳራቸው በእርሳስ የተሞነጫጨረ፣ ሻይ የፈሰሰባቸው ናቸው። የማላውቃቸው ልጆች የሞቱባቸውን ነጥቦች ሳይ ደስ ይለኛል።

ያቺን የመጀመሪያዋን መጽሐፍ ሙሉዋን ያገኘኋት በ2009 ዓ.ም. ነው። ሻጩ ፊት ቆሜ ነው የመጨረሻውን የገለጥኩት። አራት መቶኛው አንቀጽ አለ። አነበብኩት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የጓደኛዬ ይሻላል። ዋጋዋን ከፍዬ ወዲያው ደወልኩለት። «ሳጥኑ ባዶ አይደለም» አልኩት። «ታዲያ ተሳስተዋል» አለኝ።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት 31 መጽሐፍ ነበረኝ። ካርቶን ውስጥ አድርጌ፣ በሲባጎ አስሬ፣ መስከረም ላይ በደሴና በአቀስታ በኩል መካነ ሰላም ላደርሰው አስቤ ነበር። አንድ ደብተርም ጨምሬበታለሁ፤ በአማርኛ የጀመርኩት፣ ከደንቆሮ ጫካ ተነስቶ ወደ አባይ በረሃ የሚወርድ፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ያሉበት፣ 60 አንቀጽ ላይ የቆመ። (የጫካው ስም ነው እንጂ ስድብ አይደለም።) በአማርኛ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ታትሞ እስካሁን አላጋጠመኝም። ከዚያ የሆነውን ታውቃላችሁ። መንገዱ ተዘጋ፣ ኢንተርኔቱ ጠፋ፣ በክልሉ ስንቱ ትምህርት ቤት በሩ ተቆለፈ። የጓደኛዬ ስልክ ጥሪ አይቀበልም ካለኝ ሁለት ዓመት አለፈው። ካርቶኑ ከነሲባጎው አልጋዬ ስር ነው።

የእህቴ ልጅ አሁን እኔ ያኔ የነበርኩበት ዕድሜ ላይ ናት። ዘጠነኛ ክፍል መሆን ነበረባት። ኔትወርክ ያለ ዕለት ማታ ትደውልልኛለች። ደብተሩን አነብላታለሁ፣ እሷ ትወስናለች። ዳይሱን እኔ እጥላለሁ፤ አንዳንዴ እንደማጭበረብርላት ታውቃለች፣ ዝም ትላለች።

ባለፈው ሳምንት ሠላሳ አራተኛው አንቀጽ ላይ ደረስን። ገደሉ አፋፍ ላይ ቆማለች። ጨልሟል፤ ከታች እሳት ይታያል፤ የማን እንደሆነ አይታወቅም። «ወደ እሳቱ ከወረድሽ 41፣ በገደሉ ጥግ ከሄድሽ 52» አልኳት።

ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«አጎቴ፣ እስኪነጋ እዚሁ መቆየት የሚል ቁጥር የለውም?»

አልጻፍኩም ነበር። እስክሪብቶ ፈልጌ 61 ብዬ ጀመርኩ።