ፎርማት ከመደረጉ በፊት

ሐራ ላይ የአንዲት እናት ስልክ አፕዴት ካደረገ ወዲህ ቴሌግራሙ ተከፍቶ ወዲያው ይዘጋል። ሞባይል ሠሪው «ፎርማት ይደረግ» አላቸው። እምቢ አሉ። የሟች ልጃቸው ፎቶ ያለው እዚያ ስልክ ላይ ብቻ ነው።

እምቢታቸው ልክ ነው። መጋቢት 2013 ዓ.ም. በዓለም ዙሪያ ጂሜይልን ጨምሮ ብዙ የአንድሮይድ አፖች በድንገት ይዘጉ ነበር። ጥፋቱ የስልኮቹ ሳይሆን የዌብቪው አፕዴት ነበር። ጉግል አዲስ ዌብቪውና ክሮም ለቀቀ፣ ችግሩም ተፈታ። ፎርማት አላስፈለገም።

ስለዚህ መጀመሪያ ስልኩን አጥፍቶ ማብራት፣ ቦታ ማስለቀቅ፣ ዳታውን ሳይነኩ ካሹን ብቻ ማጽዳት፣ ከዚያ አፑንና ዌብቪውን ከፕሌይስቶር ማደስ ይቅደም። ኔት ለወራት ሲቋረጥ በኖረበት ሰሜን ወሎ ፎቶውን ሌላ ቦታ ያስቀመጠ ስንቱ ነው? አፕ ቢጠፋ ተመልሶ ይጫናል፤ የሟች ፎቶ ግን አይመለስም።