ከጎንደር እስከ ልማልሞ፤ የዘማች ስንቅና የቀረጥ ነገር

በጎንደር ከተማ ቅዳሜ ገበያ ውሎ የሰዉን ሁኔታ የተመለከተ ሰው፤ ልጇ ወይም ባሏ ወደ ሩቅ አገር የሚዘምትባትን ሴት ከሌላው ሸማች ለይቶ ለማወቅ ብዙ አይቸገርም። ይህች ሴት ለዕለት ምግብ የሚሆነውን ትታ ሳይበላሽ የሚቆየውን ትመርጣለች። ገብሱን ለበሶና ለቆሎ፤ ስንዴውን ለዳቦ ቆሎ ታሰፍራለች፤ በርበሬውንም በእጇ አሽታ አሽትታ ትገዛለች። በዋጋው ክርክር ግን እንደ ሌላው ጊዜ አትበረታም፤ አሳቧ ከመንገዱ ላይ ነውና።

ዘማቹ ከቤቱ እስኪወጣ ድረስ ስንቁን የምታስብለት እናቱ ወይም ሚስቱ ናት። ከአገር ርቆ ስንቁ ባለቀ ጊዜ ግን የሚያስፈልገውን ከማን ይገዛል? የዕቃውንስ ቀረጥ ማን ይከፍልለታል? ይህን ጥያቄ ይዘን ከጎንደር ወደ ሰሜን ብንጓዝ፤ የምናልፍባቸው ስፍራዎች አንድ በአንድ ይመልሱልናል።

ጎንደር በዐፄ ፋሲል ዘመን በ1628 ዓ.ም. ከተቆረቆረች ጀምሮ የነገሥታት መቀመጫ ብቻ ሳትሆን የነጋዴዎች ማረፊያ ነበረች። በአዲስ ዓለም ሰፈር የሚኖሩት እስላም ነጋዴዎች ከምፅዋ ወደብ ጋር ይነግዱ ነበር። በየመንገዱ ኬላ አለ፤ ከኬላው ላይ ለነጋድራሱና ለየአገሩ ገዥ ቀረጥ ይከፈላል። ነጋዴውም ከኬላ ለኬላ የከፈለውን ሁሉ ጎንደር ሲደርስ ከዕቃው ዋጋ ላይ ይጨምረዋል። ስለዚህ ቀረጡን በእጁ የሚቆጥረው ነጋዴው ቢሆንም፤ እውነተኛው ከፋይ ዕቃውን ገዝቶ ወደ ቤቱ የሚወስደው ሰው ነበረ።

ከከተማው ወጥተን በአምባ ጊዮርጊስ በኩል የወገራን ደጋ ስንይዝ፤ ነፋሱ ይበርዳል፤ የገብሱም ማሳ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ይዘረጋል። ይህን አገር ያየ ሰው የቀድሞው ዘመን ጦር ስለ ምን በዚህ ማለፍ ይወድ እንደ ነበረ ይገባዋል። የዚያን ጊዜ ወታደር ቀረጥም ዋጋም አይከፍልም ነበር፤ በገበሬው ቤት ገብቶ ከገበሬው ጎተራ ይበላ ነበር። ለወታደሩ ነጻ የሆነው እንጀራ ለገበሬው ከግብር ሁሉ የከበደ ግብር ነበረ። ጦሩ ሲሄድ የሚቀረው ባዶ ጎተራ ነው፤ የሚያለቅሰውም የገበሬው ልጅ ነው።

ይህን ክፉ ልማድ ለማስቀረት ያሰቡ ንጉሥ የነገሡት በዚሁ ደጋ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ደጃዝማች ውቤን ድል አድርገው በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. በስሜን፤ በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ዘውድ ጫኑ። ከነገሡም በኋላ ወታደሩ ባላገሩን ከመዝረፍ ተከልክሎ በደመወዝ እንዲያድር ለማድረግ ሞክረው ነበር። አሳቡ በዘመናቸው አልተፈጸመም። ነገር ግን የወታደርን ቀለብ መሸከም ያለበት መንግሥት እንጂ የመንገድ ዳር ገበሬ አይደለም የሚለው ትምህርት ከዚያ ቀርቷል።

ከዳባት አልፈን ደባርቅ ስንደርስ ደጋው ያልቃል፤ መንገዱም በልማልሞ ገደል እየተጠማዘዘ ወደ ቆላው ይወርዳል። የቀድሞው ሲራራ ነጋዴ የሚወጣበትና የሚወርድበት በር ይህ ነበር። ጣልያን በወረራው ዘመን በገደሉ ላይ የመኪና መንገድ ጠርቦበታል፤ የዚያም መንገድ መጨረሻ አሥመራ ነበረ። በአሥመራ ደግሞ ቃኘው የሚባል የአሜሪካ ጦር ሰፈር እስከ 1969 ዓ.ም. ድረስ ነበር። ስሙም የተወሰደው በሚያዝያ ወር 1943 ዓ.ም. ከጅቡቲ በመርከብ ተነሥቶ ወደ ኮሪያ ከዘመተው ከቃኘው ሻለቃ ነው። በኮሪያ በየተራ ከ6000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ከአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፈዋል፤ ከነርሱም አንድም ሰው አልተማረከም።

በአሥመራው ሰፈር ውስጥ ለአሜሪካ ወታደሮችና ለቤተሰቦቻቸው ዕቃ ያለ ቀረጥ የሚሸጥበት፤ ፒ ኤክስ የሚባል ሱቅ ነበረ። የአሜሪካ ጦር እንዲህ ያሉትን ሱቆች በየሰፈሩ ያቋቋመው በሐምሌ ወር 1887 ዓ.ም. በወጣ ትእዛዝ ነው። ምክንያቱም ከቤቱ የራቀ ወታደር ሳሙናውንና ልብሱን በሰፈሩ ዙሪያ ከሚሰበሰብ ነጋዴ በእጥፍ ዋጋ እንዳይገዛ ነው። ዛሬ ይኸው ሱቅ በኢንተርኔት ይሠራል። በባሕር ማዶ ያለው ወታደር ዕቃውን በስልኩ መስኮት አይቶ ያዝዛል፤ የሽያጭ ግብር አይታሰብበትም፤ ዕቃውም በጦሩ ፖስታ ይደርሰዋል። ከኅዳር 2010 ዓ.ም. ጀምሮ በመልካም ስንብት ጦሩን የለቀቁትም በኢንተርኔቱ ሱቅ እንዲገዙ ተፈቅዶላቸዋል። ከሽያጩ ትርፍ የሚገኘውም ገንዘብ ለወታደሩና ለቤተሰቡ መዝናኛና አገልግሎት ይውላል።

ነገሩ የአሜሪካ ብቻ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ1983 ዓ.ም. ባወጣው የስምምነት አብነት፤ ሰላም አስከባሪ ጦር በተላከበት አገር ለአባሎቹ ያለ ቀረጥ የሚሸጥ ሱቅ እንዲያቆም ይፈቅዳል። ዳሩ ግን ዕቃው ለሌላ ሰው ተላልፎ እንዳይሸጥ የጦሩ አለቆች እንዲጠብቁ ያዛል። በሩዋንዳ፤ በላይቤሪያ፤ በዳርፉርና በአብዬ ለሰላም የዘመቱ ኢትዮጵያውያን ያገለገሉት እንዲህ ባለው ሥርዓት ሥር ነው። ክልከላውም ተገቢ ነው። ቀረጡን የተወው አስተናጋጁ አገር ነውና፤ ያለ ቀረጥ የገዛውን ወስዶ በገበያ የሚቸረችር ሰው፤ በአዲስ መልክ የድሀውን ጎተራ እንደ ደፈረ ይቈጠራል።

አንባቢ ሆይ፤ ለቤተሰብ ጉዳይ ግን ከዚህ የሚበልጥ አንድ ነገር አለ። ቀረጡ ቢቀርም ዋጋው አልቀረም። ርካሽ ነው ተብሎ ሳያስፈልግ የተገዛ ዕቃ፤ ከደመወዙ ላይ ተቆርጦ በአገር ቤት የሚጠበቀውን ገንዘብ ያጎድላል። በቀድሞው ዘመን የወታደሩን ነጻ እንጀራ የከፈለው የወገራ ገበሬ ነበር፤ ዛሬ መንግሥት ይከፍላል። ወታደሩ በመጠን መግዛትን ካላወቀ ግን የመጨረሻ ከፋይዋ ሚስቱ ትሆናለች፤ የልጆቹም የትምህርት ቤት ወጪ ይጓደላል።

ስለዚህ ከአገሩ የራቀ ዘማች በሩቁ ሱቅ ሲገበያይ፤ አስቀድሞ ወደ ቤቱ የሚላከውን ገንዘብ ለይቶ ያስቀምጥ፤ በቀረውም የሚያስፈልገውን ይግዛ። ከልማልሞ አፋፍ ቆሞ ወደ ኋላው የተመለከተ መንገደኛ የወገራን ማሳ ያያል፤ ከማሳውም ወዲያ ጎንደር አለች። በዚያ ቅዳሜ ገበያ በሶውን ያዘጋጀችለት ሴት ደመወዙ የሚደርስበትን ቀን ትቆጥራለች።