ሁምቦ፦ ጉቶው ያልሞተበት ተራራ

ከወላይታ ሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ሁምቦ ስደርስ ጠዋት ነበር። ዛሬ በደን የተሸፈነው ተራራ ከሃያ ዓመት በፊት የተራቆተ ነበር። ዛፉ ለማገዶና ለከሰል አልቆ፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር ጎርፉ አፈሩን እየጠረገ ይወስደው ነበር።

አብረውኝ የወጡት አዛውንት አርሶ አደር አንድ ዛፍ ሥር አስቁመው ሣሩን በዱላቸው ገለጥ አደረጉልኝ። መጥረቢያ የበላው የድሮ ጉቶ አለ፤ ፊቱ ጠቁሯል። ከጎኑ ሁለት ወፋፍራም ግንዶች ወጥተዋል።

«ይሄ የተተከለ አይደለም፣ ልጄ» አሉኝ። «ሥሩ በሕይወት ነበር። ደካማውን ቀንበጥ ቆርጠን ጠንካራውን አስቀረን፤ ከብት እንዳይገባ ጠበቅን፤ የቀረውን እግዚአብሔር ሠራው።»

በዚህ መንገድ 2,728 ሄክታር አገግሟል። በወርልድ ቪዥን ድጋፍ ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተቋቁመው የመሬቱን የመጠቀም መብት ያዙ። ፕሮጀክቱ በኪዮቶ የአየር ንብረት ስምምነት ሥር እ.ኤ.አ. በ2009 ተመዘገበ፤ የዓለም ባንክ የባዮካርቦን ፈንድም ዛፎቹ ከሚያምቁት ካርቦን ዳይኦክሳይድ 165,000 ቶን ለመግዛት ተዋዋለ። ዕድገቱ እየተለካ፣ በገለልተኛ ወገን እየተረጋገጠ ገንዘቡ ለማኅበራቱ ይከፈል ነበር። ወፍጮና የእህል ማከማቻ ሠርተውበታል። ደን ጠብቆ ወፍጮ ማቋቋም ለገበሬ ቀላል ነገር አይደለም።

ነገር ግን ሐቁ ይነገር። በፈንዱ በኩል የገዙት ይህንን ካርቦን ከራሳቸው ጭስ ጋር ያቻችሉት ነበር። ስለዚህ ሁምቦ ያገኘው የሸጠውን ዋጋ ነው፤ ሀብታሞቹ አገሮች አየሩን በማሞቃቸው ያለባቸው ዕዳ ገና አልተነካም።

ያንን ዕዳ ለመክፈል እ.ኤ.አ. በ2009 ኮፐንሃገን በተካሄደው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ ላይ ቃል ገብተው ነበር፤ እስከ 2020 ለታዳጊ አገሮች በዓመት 100 ቢሊዮን ዶላር ወደማሰባሰብ እንደርሳለን ብለው። የተሟላው በ2022 ነው፤ ከመንግሥታት ከሚመጣውም አብዛኛው ብድር ነው። ይህ ያንገበግበኛል። የጎረቤት ከብት ማሳህን ቢበላብህ ባለቤቱ ካሣ ይከፍልሃል እንጂ ዘር መግዣ በወለድ አያበድርህም። አየሩን ያላሞቀው የወላይታ ገበሬ ለድርቁ መከላከያ ወለድ የሚከፍልበት ምክንያት የለም።

እ.ኤ.አ. በ2024 በባኩው ጉባኤ ደግሞ እስከ 2035 በዓመት 300 ቢሊዮን ዶላር ላይ እንደርሳለን ተባለ። ታዳጊዎቹ አገሮች የጠየቁት 1.3 ትሪሊዮን ነበር። ከ300 ቢሊዮኑ ውስጥ ስንቱ ብድር፣ ስንቱ እርዳታ እንደሚሆን ግን አልተወሰነም።

እ.ኤ.አ. በ2027 ጉባኤው አዲስ አበባ ይመጣል። ተደራዳሪዎቻችን ሁለት ነገር አጥብቀው ይያዙ፦ ገንዘቡ ብድር ሳይሆን እርዳታ ይሁን፤ እንደ ሁምቦ በቀጥታ መሬቱን ለሚጠብቁት ማኅበራት ይድረስ። እንግዶቹም ከአዳራሹ ወጥተው ሁምቦን ይዩት፤ ከአዲስ አበባ የአንድ ቀን መንገድ ነው።