ትልቁ ሞተር ወይስ የሚበቃው ሞተር?

አንባቢዎቼ ሆይ! የፊዚክስ አስተማሪ ስለ መኪና ሞተር ምን አግብቶት ይጽፋል ትሉኝ ይሆናል። ዓምና ብትጠይቁኝ ኖሮ እኔም ይህንኑ እል ነበር። ዳሩ ግን ታናሽ ወንድሜ አንድ ማታ ከራት በኋላ፥ «ወንድም ጋሼ፥ ምክር ፈልጌ ነበር፤ ከምክሩም ጋር ትንሽ ገንዘብ» ሲለኝ ሳልወድ ከነገሩ ገባሁበት።

ነገሩ የአባታችን መኪና ነው። አባታችን ሰማያዊና ነጭ ቀለም ቀብቶ ታክሲ ይሠራባት የነበረችው፥ የአዲስ አበባ ሰው «ዲኤክስ» የሚላት የቶዮታ ኮሮላ ናት። እኔ ከኮሌጅ የደረስሁት፥ ወንድሜም የጋራዥ ሙያ የተማረው በእርሷ ገቢ ነው። አባታችን ታሞ ካረፈ በኋላ ሞተሯ ነክሶ ከግቢያችን ጥግ ቆመች፤ ዶሮዎችም ያድሩባት ጀመር። ወንድሜ ሊያስነሣት የፈለገው ግን ለታክሲ አልነበረም፤ «ድሪፍት» ለሚባለው ጨዋታ ነው።

ድሪፍት ማለት ነጂው ሆን ብሎ የኋላ ጎማዎቹን አስለቅቆ፥ መሪውን ወደ ተቃራኒው እያዞረ፥ መኪናዋ በጎኗ እየተንሸራተተች ኩርባውን እንድትጨርስ የሚያደርግበት ጥበብ ነው። ጥበቡ ያደገው በጃፓን ነው። ኬይቺ ቱሱቺያ የተባለው ጃፓናዊ በጠመዝማዛ የተራራ መንገዶች ላይ ተለማምዶ «የድሪፍት ንጉሥ» እስከ መባል ደረሰ። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ደግሞ በአሜሪካ በየዓመቱ የሚካሄድ የሙያ ውድድር ሆኗል። ለዚህ ጨዋታ የሞተሩ ኃይል ወደ ኋላ ጎማ የሚሄድበት መኪና ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣችው የእኛዋ ዓይነት ኮሮላ እንዲህ ናት፤ በ1983 የተከተላት ግን አብዛኛው በፊት ጎማ የሚጎተት ሆነ። እንግዲህ ወንድሜ አላበደም፤ ከግቢያችን ጥግ የቆመችው አሮጊት ለነገሩ የተፈጠረች ነበረች።

የጎደላት ሞተር ብቻ ነው። የቀድሞው 1,290 ሲሲ፥ ጉልበቱም 70 ፈረስ ገደማ ነበር። ወንድሜ በደብተሩ ላይ ሦስት ስም ጽፎ አመጣልኝ። አንደኛው «ኤልኤስ» የሚባለው የአሜሪካኖቹ ባለ ስምንት ሲሊንደር ነው፤ 5.7 ሊትር፥ አካሉ አሉሚኒየም፥ ድሪፍተኞች የሚወዱት። ዋጋውን ስንሰማ ሁለታችንም ሣቅንና ሰረዝነው። ሁለተኛው «1ጄዜድ» የተባለው የቶዮታ ባለ ስድስት ሲሊንደር ነው፤ 2,492 ሲሲ፥ ቱርቦ ያለው፥ 280 ፈረስ ጉልበት። የወንድሜ ልብ ያለው ከዚህ ላይ ነበር። ሦስተኛው ባለ አራት ሲሊንደሩ «4ኤ» ሲሆን፥ የስፖርቱ ዓይነት 1,587 ሲሲ፥ 16 ቫልቮላ፥ 120 ፈረስ ገደማ ነው። ይኸኛው ዝርዝሩን ለማሟላት ያህል የተጻፈ ይመስል ነበር።

እውነቱን ልናገር፤ መጀመሪያ ለትልቁ የፈረድሁት እኔ ነኝ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለ ሆነች፥ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ሞተር ደግሞ በቤንዚን ብቻ ሳይሆን በአየርም ይኖራል። ስለዚህ በባሕር ዳር 120 ፈረስ የሚሰጠው ሞተር እዚህ 90 ገደማ ቢሰጥ ነው። ቱርቦ ግን አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ጉዳቱ ይቀንስለታል። ይህን በወረቀት አሰላሁለት። ወንድሜ ግንባሬን ሳመኝ። እኔም ለሁለተኛ ዲግሪ ያጠራቀምሁትን ገንዘብ ላወጣ ተነሣሁ።

ቅዳሜ መርካቶ፥ ሶማሌ ተራ ወረድን። አባታችንን የሚያውቁ አንድ አረጋዊ መካኒክም አብረውን ነበሩ። ከዘይት ባረጀ ጆንያ ላይ የተቀመጠውን ባለ ስድስት ሲሊንደር ዞር ዞር ብለው አዩና ስሌቴን በትዕግሥት ሰሙኝ። ከዚያም፥ «መምህር፥ መሄዱንስ ይሄዳል። በምን ታቆሙታላችሁ?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም።

እርሳቸው በጣታቸው ይቆጥሩ ጀመር። ሞተሩ ብቻውን ከ200 ኪሎ በላይ ነው፤ መኪናዋ ሙሉ በሙሉ 900 ኪሎ ገደማ ናት። አፍንጫዋ ሲከብድ ኩርባ ላይ አልታዘዝ ትላለች። የቀድሞው ካምቢዮ ያን ጉልበት አይችልም፤ ፍሪሲዮኑም፥ ዲፈረንሻሉም እንዲሁ። ሞተሩ እንዲገባ ከፊት ያለው ብረት ይቆረጣል። ፍሬኑ ለ70 ፈረስ የተሠራ ነው። ራዲያተሩም ትንሽ ነው፤ በዚህ ከፍታ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላ አስተማሪ አይነገረውም። በመጨረሻ፥ «ሞተሩን ዛሬ ገዛችሁ እንበል፤ መኪናዋንስ መቼ ትገዛላችሁ?» አሉ።

ወንድሜ ተቆጣ። ከቤት ስንደርስ፥ «ወንድም ጋሼ፥ አንተ ፈርተህ ነው» አለኝ። አዎን፥ ፈርቼ ነበር። ዓምና ጓደኛው በሌሊት አስፋልት ላይ ይህንኑ ሲሞክር ከኤሌክትሪክ ምሰሶ ጋር ተጋጭቶ እስከ ዛሬ በምርኩዝ ይሄዳል። እናታችን አንድ ሰው ቀብራለች፤ ሌላ እንድትቀብር በገንዘቤ አላግዝም አልሁት። ለሁለት ሳምንት አልተነጋገርንም።

በሦስተኛው ሳምንት ራሱ መጣ። ደብተሩ ላይ ባለ ስድስቱ ተሰርዞ ነበር። ያነበበውንም ነገረኝ፤ ቱሱቺያ ስሙን ያስጠራባት ኤኢ86 የተባለችው ኮሮላ ሞተሯ ያው የናቅነው የስፖርት 4ኤ ነው። የእኛም ዓይነት ኮሮላ በአንዳንድ አገር ከዚሁ ቤተሰብ በሆነ ሞተር ተሸጣለች፤ ስለዚህ ብዙ ብረት ሳይቆረጥ ይገባል። መለዋወጫውንም የከተማው ኮሮላዎች ይጋሩታል። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ተስማማን። የሞተሩ ቁጥር በሊብሬው ላይ በሕግ ይለወጣል፤ መንሸራተት ያለውም በተዘጋ ሜዳ እንጂ በመንገድ ላይ አይሆንም። ከሞተሩ የተረፈውን ገንዘብ ለፍሬን፥ ለራዲያተር፥ ለዲፈረንሻልና ለመቀመጫ ቀበቶ አዋልነው። ጉልበቱ በእርግጥ ትንሽ ነው፤ ነጂው ማርሹንና ፍሪሲዮኑን በጊዜው ካልተጠቀመ መኪናዋ አትንሸራተትለትም። ጉልበት የበዛበት ሞተር የነጂውን ስሕተት ይሸፍናል፤ ይህኛው ግን ያስተምረዋል።

ወጣት አንባቢዎቼ፥ እኛ የተማርን ሰዎች ትልቁን ቁጥር ማየት እንወዳለን፤ በደመወዝም፥ በማዕረግም፥ በማርክም እንዲሁ። እኔ በወረቀት ላይ ያልተሳሳትሁትን ስሌት ይዤ ልሳሳት የነበረው፥ «ይህን የሚሸከመውስ ማን ነው?» ብዬ ሳልጠይቅ ስለ ቀረሁ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ መኪናዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ልትነሣ ስትል፥ እናታችን ከማድ ቤት ወጥታ ቆመች። ወንድሜ ቁልፉን ሊያዞር ሲል፥ «አባታችሁ ውኃዋን ሳያይ አስነሥቷት አያውቅም» አለች። ወንድሜ ምንም ሳይመልስ ወርዶ ኮፋኖውን ከፈተ።