ገብስማ አልማዝ

በናይሮቢ ከተማ፣ የተባበሩት መንግሥታት መሥሪያ ቤት በሚገኝበት በጊጊሪ የምንኖር ኢትዮጵያውያን፣ ልጅ በምንድርበት ጊዜ የአገራችንን ወግ ከውጭው ልማድ ጋር ማስማማት ግድ ይሆንብናል። በአገራችን ለሙሽራ የተለመደው ጌጥ ወርቅ ሲሆን፣ በዚህ ያደጉ ወጣቶች ግን የአልማዝ ፈርጥ ያለበትን ቀለበት ይመኛሉ።

የእኅታችን ልጅ ቀለበት ሊያስር በተነሣ ጊዜ ምክር ጠየቀን። እጮኛዪቱ የወደደችው በውስጡ ጥቁርና ነጭ ነቁጥ የተረጨበትን፣ ነጋዴዎች «ጨውና ቁንዶ በርበሬ» የሚሉትን የተፈጥሮ አልማዝ ነበር። የገብስማ ዶሮ ላባ ስለሚመስል እኛ «ገብስማ» ብለነዋል። እርሱ ግን «አማቶቼ ጉድፍ ያለበት ሰጠን ይሉኛል» ብሎ ስለ ሠጋ፣ ተበድሮም ቢሆን የጠራውን ለመግዛት አስቦ ነበር።

እኛም ነቁጡ ምን እንደ ሆነ አስረዳነው። አብዛኛው አልማዝ ከ150 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ጥልቀት፣ በብርቱ ሙቀትና ግፊት የተፈጠረ ነው። በዚያን ጊዜ ግራፋይት ወይም ሌላ ማዕድን በውስጡ ተይዞ ይቀራል። ሊቃውንትም የምድርን ውስጥ የሚመረምሩት በዚሁ ነቁጥ ነው። በ2006 ዓ.ም. (በ2014 እ.ኤ.አ.) ከብራዚል በተገኘ አንድ አልማዝ ውስጥ ውሃ ያዘለ ሪንግውዳይት የተባለ ማዕድን መገኘቱ ተገልጿል። በገበያ ግን የድንጋዩ ጥራት 10 ጊዜ በሚያጎላ መነጽር ስለሚመዘን፣ ነቁጥ የበዛበት ዋጋው ዝቅ ይላል።

ይሁን እንጂ ርካሽ ሁሉ አይገዛም። ነቁጥና ስንጥቅ የተለያዩ ናቸው። አልማዝ ጥንካሬው ከማዕድናት ሁሉ ቢበልጥም፣ ስንጥቁ እስከ ላይኛው ገጽ ወይም እስከ ጠርዙ የደረሰ እንደ ሆነ በምት ሊሰበር ይችላል። ስንጥቁ በመስታወት የተሞላ ከሆነም አንጥረኛው ቀለበቱን ሲጠግን የእሳቱ ሙቀት ያበላሸዋል። በ1954 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ጠበብት በላቦራቶሪ አልማዝ ከሠሩ ወዲህ ደግሞ፣ የተፈጥሮ መሆኑን በዓይን ብቻ መለየት አይቻልም። ስለዚህ ገዢው እነዚህን ሁሉ ጠይቆ መልሱን በጽሑፍ መቀበል፣ ከታወቀ መርማሪ ቤትም የምስክር ወረቀት ማየት ይገባዋል። ፈርጡም ዙሪያውን በወርቅ ጠርዝ ቢታቀፍ ይጠበቃል።

ከሁሉም በላይ የመከርነው፣ ነቁጡ ለአማቶቹ አስቀድሞ እንዲነገር ነው። ሳይናገሩ የሰጡት እንደ ሆነ ማታለል ያስመስላል፤ በግልጽ የተነገረ ነቁጥ ግን የድንጋዩ መልክ ነው። ልጁም ምክራችንን ተቀብሎ ገብስማውን ያለ ብድር ገዛ፤ ለአማቶቹም ድንጋዩን በአጉሊ መነጽር አሳያቸው። የጠራውን ለመግዛት ሊበደረው ካሰበው ዕዳም ነፃ ሆኖ፣ ደመወዙን ለጎጆ መውጫ ያጠራቅም ጀመር።