ወተቱ ሆድ ይገባል፣ ጭሱ ሳንባ

ብየዳ ቤት የዋለ ሁሉ የሚያውቀው መድኃኒት አለ፦ ወተት። ማታ ግማሽ ሊትር ከጠጡ ጭሱ "ይታጠባል" ይባላል። አሠሪውም ወተቱን ከገዛ ግዴታውን የተወጣ ይመስለዋል። ወተት አልጠላም። ግን እሱ የሚወርደው ወደ ጨጓራ ነው፤ ጭሱ የገባው ሳንባ ነው። የት ተገናኝተው ነው የሚያጥበው?

ጋልቫናይዝድ፣ ማለትም ዚንክ የተለበጠ ቱቦ ሲበይድ የዋለ ልጅ ማታ ምን እንደሚሆን አይታችኋል? አፉን ብረት ብረት ይለዋል፣ ይጠማዋል፣ ከዚያ ብርድ ብርድ ብሎት ጋቢ ደርቦ ይንቀጠቀጣል። ቤት ያሉት ወባ ነው ይላሉ። በአንድ በሁለት ቀን ይተወዋል፣ ምስጋናው ለወተቱ ይሆናል። ሳይጠጣም ይተወው ነበር፤ የዚንክ ጭስ ትኩሳት ጠባዩ ነው። በተከታታይ ሲበይዱ ሰውነት ይለምደዋል፣ ጥቂት ቀን አርፈው ሲመለሱ እንደ አዲስ ይነሳል። "ለምጄዋለሁ ጋሼ" የሚለኝ ልጅ አልዋሸም። የለመደው ግን ዚንኩን ብቻ ነው።

እኔን የሚያስፈራኝ ትኩሳት የሌለው ነው። ስቴንለስ ስቲል ሲበየድ ክሮሚየምና ኒኬል ይወጣል፤ የሳንባ ካንሰር ጉዳይ ነው። ተራው ኤሌክትሮድ ማንጋኒዝ አለው፤ በዓመታት ብዛት እጅ የሚያንቀጠቅጥ፣ አረማመድ የሚያበላሽ፣ ፓርኪንሰን የሚመስል ሕመም ያመጣል። ካድሚየም የተቀባ አሮጌ ቡለን ደግሞ ያታልላል፦ መጀመሪያ ዚንክ ይመስላል፣ ቆይቶ ሳንባ ውሃ ይቋጥራል፣ ይገድላልም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2017 እ.ኤ.አ. የብየዳ ጭስን በጠቅላላው ከሲጋራ ጋር አንድ ምድብ ውስጥ አስገብቶታል።

ብዙው መፍትሔ ገንዘብ አይጠይቅም። ጭስ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ነው የሚወጣው፤ የእኛ ልጆች ደግሞ ከላዩ አጎንብሰው ነው የሚበይዱት። ሥራውን ከፍ አድርጎ ጎን ላይ መቆም ብቻውን ብዙ ይለውጣል። የሚበየደውን በር ደጅ አውጥቶ፣ ነፋሱን ከጎን አድርጎ መበየድ። ቀለሙንና ዚንኩን ከሚበየድበት ቦታ አስቀድሞ መፋቅ፤ ግን ማስክ አድርጎ፣ አሮጌ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ይችላልና። ጨርቅና የኮሮና ጊዜው ስስ ማስክ ይህን ጭስ አያቆሙም፤ ፊት ላይ ገጥሞ የሚቀመጥ፣ ማጣሪያ ያለው ያስፈልጋል። ይህንን ማቅረብ ደግሞ ችሮታ አይደለም፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛውን ደህንነት መጠበቂያ አሠሪው ያቅርብ ይላል።

ቦቴ ውስጥ ገብቶ መበየድ ግን በማስክ ብቻ የሚሞከር አይደለም። ውስጡ ታጥቦ፣ ጋዙ ወጥቶ፣ አየር በማሽን እየገባለት፣ አፉ ላይም ሰው ቆሞ ነው። ኦክስጅን ለቆ "አየር ሰጠሁት" የሚል ካለ ልጁን ከዚያ አውጡት፤ አንድ ፍንጣሪ ልብሱን እንደ ክብሪት ያነደዋል።